«ግራው አይሠራም» ያልኩ ቀን

ልጄ ኤርበድ ግዢልኝ ስትለኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ጆሮሽ ውስጥ ቢፈነዳስ?» የሚል ነው።

«እማ ደግሞ! ቦምብ አደረግሽው እኮ» ብላ ሳቀችብኝ።

ትሳቅ። እኔ ፈሪ ነኝ፣ አልደብቅም። እሷን ከወለድኩ ጀምሮ ስፈራ ነው የኖርኩት። አሰላ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ባጃጁ ከላይ ተለቆ ሲመጣ ፍሬን ያለው አይመስልም። ስለዚህ መንገድ ስንሄድ እሷ ከዳር፣ እኔ ከአስፋልቱ በኩል ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት እንኳ እንደዚያው ነው። ታዲያ ይቺ የባቄላ ፍሬ የምታህል፣ ገመድ የሌላት፣ ሆዷ ውስጥ ባትሪ የያዘች ነገር ልጄ ጆሮ ውስጥ ትገባለች ስባል እንዴት አልፈራ?

የምሠራው ወፍጮ ቤት ነው። አሥራ አራት ዓመት አለፈኝ። ስንዴና ገብስ ይመጣል፣ ከከተማውም፣ ከዙሪያውም፣ ለዘመድ ሊያደርሱ ከጢቾ የሚመጡም አሉ። የእኔ ቦታ ከወፍጮው አፍ አጠገብ ነበር። እህሉ በአንዴ እንዳይወርድና ድንጋዩ እንዳይታነቅ ትንሿን መዝጊያ በእጄ ይዤ እያጠበብኩ እያሰፋሁ እቆማለሁ። ሞተሩ በግራዬ ነው፣ ክንዴን ብዘረጋ የሚነካ። እዚያ ውስጥ ማንም አያወራም። የምንግባባው በእጅ ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ስናፋትግ «ላመ?» ማለታችን ነው፤ መዳፍ ስንገለብጥ «የአንቺ ነው ወይ?» ማለት ነው። የቀረውን አፍ አይተን እንሰማለን። አዲስ የመጣች ሴት በኦሮምኛም በአማርኛም ትጮሃለች፣ እኛ ከንፈሯን አይተን እንመልስላታለን። እንደዚያ መሥራት ለኛ የሥራው ጠባይ ነው፣ ሌላ ነገር አልመሰለንም።

ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ጨርሳ፣ ውጤት እስኪመጣ ብላ ሐምሌ ላይ አብራኝ ገባች። ባለወፍጮው በመጀመሪያው ቀን ዱቄት በሚወርድበት በኩል፣ ከቺንጋው አጠገብ አቆማት። ቺንጋ ማለት ሞተሩንና ድንጋዩን የሚያያይዘው፣ ሲዞር ዓይን የማይከተለው ቀበቶ ነው። አንድ ጊዜ የአንዲት ሴት ነጠላ ጫፍ ሲጎትት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ነጠላው ባይቀደድ አንገቷ ነበር። ልጄ ደግሞ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጥላ ነው የምትሠራው፣ ክረምት ነው፣ ይበርዳል። ባለወፍጮውን ለምኜ ቦታ ተቀያየርን። እኔ ቺንጋው ጋ ሆንኩ፣ እሷን በእኔ ቦታ ከወፍጮው አፍ አጠገብ አቆምኳት። ትዝ ይለኛል፣ ትከሻዋን ይዤ፣ ፊቷን ወደ መዝጊያው አዙሬ፣ እግሯ የሚቆምበትን ሲሚንቶ በእግሬ አሳይቼ፣ በከንፈሬ «ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም» አልኳት።

ኤርበዱን የፈለገችው ለዚያ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ ናት። አዲስ መዝሙር በስልክ ይላክላቸውና ማጥናት አለባቸው። «ቀኑን ሙሉ ሞተር ከምሰማ መዝሙሬን ላጥናበት» አለችኝ። መናኸሪያው አጠገብ ካለች የሞባይል ጠጋኝ ቤት ቆየት ያለ ሞዴል አይታለች፣ ከአዲሱ በጣም ይረክሳል። እኔም ብቻዬን ሄጄ ሳላየው አልገዛም አልኩ። እሷ አጠገቤ ካለች ዓይኗን አይቼ እሸነፋለሁ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እህል ቀለል ሲል፣ አስፈቅጄ ዱቄቴን አራግፌ ወጣሁ።

ጠጋኟ ዕድሜዋ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ሴት ናት፣ ዓይኗ ላይ አጉሊ መነጽር አስራ ስልክ ፈታ ተቀምጣለች። «አዴ፣ ይግቡ ይግቡ፣ ዝናቡ እንዳይመታዎት» አለች። በኛ አካባቢ በኦሮምኛ እናትን እንደዚያ ነው የሚጠሯት። የሳሙና ማስቀመጫ የሚመስል ነጭ ሳጥን አወጣችና ከፈተችው። ሁለቱ ፍሬዎች እንደ ጥርስ ተተክለዋል።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አልኳት፣ ላም እንደሚገዛ ሰው።

«አራት አምስት ዓመት ይሆነዋል አዴ። ግን ሲወጣ ውድ ነበር። ከዛሬው ርካሽ አዲስ የዚያን ጊዜው ይሻላል፣ እኔ እንደዚያ ነው የማስበው።»

«ሰው ይዞታል?»

«አንድ አስተማሪ ይዞት ነበር። ወደ አገሩ ሲዛወር ለኔ ትቶት ሄደ።»

«ጆሮው ደህና ነበር?»

«የአስተማሪው?» ብላ ሳቀች። «እሱንማ አላየሁትም!»

አንዱን ፍሬ አንስቼ አሸተትኩት። ምን ላድርግ፣ እኔ የማውቀው እህል ነው። ስንዴ ስመርጥ እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ከማዳበሪያው ሥር አውጥቼ፣ አሽትቼ፣ በጥርሴ ሰብሬ ነው፤ ላይ ላዩን ሁሉም ሰው ያሳምረዋል። ይህንኑ ነገርኳት።

«ልክ ነዎት፣ ይኼም ሥር አለው» አለችና ወንበር ሰጠችኝ። ከዚያ ሳልጠይቃት ሁሉንም አሳየችኝ። ድምፅ የሚወጣበት ላይ የጸጉር ያህል ቀጭን ወንፊት አለ፤ እዚያ ላይ የጆሮ እድፍ ከተጋገረ ድምፁ ይደክማል። የሳጥኑ ክዳን ላላ ካለ ፍሬዎቹ በደንብ አይሞሉም። አንዱ ከአንዱ ቀድሞ ከጠፋ የማይጠገን ነው። በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እውነቱን ልንገርዎት፣ የአሮጌ ነገሩ ባትሪው ነው» አለች። «አዲስ ሳለ ግማሽ ቀን ይይዝ ነበር። አሁን ሁለት ሰዓት ከያዘ ደግ ነው። ሲሞት ደግሞ በሙጫ የተጣበቀ ስለሆነ አይከፈትም። እኔ አልቀይርልዎትም፣ አዲስ አበባም የሚቀይር አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን ትሸጪዋለሽ?»

«ሁለት ሰዓት የሚበቃው ሰው አለና።»

ይሄን ስትለኝ ወደድኳት። ሻጭ እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። «በይ እንግዲህ አሰሚኝ፣ አንድ በአንድ» አልኳት።

መጀመሪያ ቀኙን አደረገችልኝ። አንዲት ዘማሪ ጭንቅላቴ ውስጥ ቁጭ ብላ ጀመረች። ዘልዬ ተነሥቼ ወደ ኋላ አየሁ። «አይዞዎት አዴ! ሰው የለም!» እያለች እጄን ያዘችኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ስትተነፍስ ሁሉ ይሰማል። በሆዴ ልጄ እውነቷን ነው አልኩ።

ቀኙን አወጣችና ግራውን አደረገችልኝ። ጠበቅሁ። ጠጋኟ ፊቴን ታያለች፣ እኔ የእሷን አያለሁ።

«ልቀቂው እንጂ» አልኳት።

«ለቅቄዋለሁ እኮ።»

«ምንም የለም።»

አውጥታ ወንፊቱን በብሩሽ ጠረገችው፣ ሳጥኑ ውስጥ መልሳ አወጣችው፣ ስልኩን ነካካች። እንደገና አስገባችልኝ። ዝም። ያኔ የሆነ ደስታ ተሰማኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አልተታለልኩም የሚል ደስታ። «ግራው አይሠራም!» አልኳት። «የሥሩን አሳዪኝ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ግማሹ የሞተ ዕቃ ልትሸጪልኝ ነበር። ልብሴ ላይ ዱቄት ስላየሽ የማላውቅ መሰልኩሽ?»

«አዴ፣ እንደዚያ አይበሉ» አለችና ከጆሮዬ አውጥታ የራሷ ጆሮ ውስጥ ከተተችው። ጭንቅላቷ በምቱ ሲነቃነቅ አየሁ። «ይሠራል እኮ! ጥርት አድርጎ!»

«አትዋሺኝ!»

«በእናቴ አዴ!» ተናደደች። በእልህ ያንኑ የግራውን ፍሬ አዙራ ቀኝ ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው። ዘማሪዋ መጣች። ከነትንፋሿ።

ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሕፃን እንደምትነካ ሆና፣ ቅድም የዘመረውን የቀኙን ፍሬ አንስታ ግራ ጆሮዬ ውስጥ አስገባችው።

ምንም።

ስልኩ ላይ ድምፁን ስትጨምር አየኋት። ጨመረች፣ ጨመረች፣ ጥግ ደረሰ። ከጭላሎ ተራራ ማዶ ነጎድጓድ የሚያጉረመርም የሚመስል አንድ ነገር መጣ። መዝሙር አይደለም፣ ቃል የለውም። ጠጋኟ በግራዬ ቆማ አንድ ነገር ተናገረች፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ አልሰማሁም። ዞሬ በቀኜ ሳደምጣት «አዴ፣ ዕቃው ደህና ነው» ነበር የምትለው።

የዚያን ጊዜ ሰውነቴ እንዴት እንደሆነ ልጽፈው አልችልም። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ስልክ ሁልጊዜ በቀኝ ነው የማነሳው፤ ልማድ መስሎኝ። ጎረቤት ከግቢ ስትጠራኝ ከየት በኩል እንደሆነ አይገባኝም፤ የግንቡ ጣጣ መስሎኝ። ልጄን «አታጉተምትሚ፣ አፍሽን ከፍተሽ ተናገሪ» እያልኩ ስቆጣት ስንት ዓመቴ ነው! ሰው ሁሉ ድምፁን የቀነሰ ነበር የመሰለኝ። ጆሮዬ ሳያመኝ፣ ሳይደማ፣ እኔ ሳላውቀው ሄዷል። በየት በኩል? በግራ። ግራዬ ላይ ምን ነበር?

ሞተሩ።

እዚያ ቦታ አሁን የቆመችው ልጄ ናት። እኔ ነኝ ያቆምኳት።

የዝናብ ጥላዬን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ጠጋኟ ከኋላዬ «አዴ! አዴ!» ትላለች መሰለኝ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነበር፣ ጫማዬ አንዱ ወለቀ፣ ይዤው ሮጥኩ። ባጃጅ አልፎኛል፣ ጡሩምባ ነፍቶብኝ ይሆናል፣ አላውቅም። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ልጄ በዱቄቱ ጭጋግ ውስጥ ቆማለች። አንድ እጇ መዝጊያው ላይ ነው፣ ግራ ጆሮዋ ወደ ሞተሩ፣ ልክ እኔ እንዳሳየኋት። ስሟን ጠራሁ። አልዞረችም። ማን ይሰማል እዚያ ውስጥ? እንደገና ጮህኩ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ማጥፊያ በሙሉ እጄ መታሁት።

ወፍጮ ቤት የሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ድንጋዩ ውስጥ እህል እያለ ሞተር አይጠፋም። እህሉ ይታነቃል፣ ሲነሳ እምቢ ይላል፣ ተፈትቶ መጠረግ አለበት። አሥራ አራት ዓመት አድርጌው አላውቅም። ሞተሩ እያቃሰተ ሲቆም የመጣው ዝምታ ሁሉንም አስደነገጠ። ወረፋ የያዙ ሴቶች ተነሡ። ልጄ ነጭ ፊቷን ይዛ እየሮጠች መጥታ እጆቼን ገለባብጣ ጣቶቼን ቆጠረች፤ ቺንጋው የያዘኝ መስሏት ነው።

ባለወፍጮው ከጓሮ ገባ። «ማነው ያጠፋው? ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አብደሻል እንዴ? ድንጋዩ ሙሉ ነው! እነዚህ ሰዎች ቆመው እያየሽ?»

«ልጄ እዚያ ቦታ ሁለተኛ አትቆምም» አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። «ጆሮዬ ሞቷል። ግራዬ ሞቷል፣ አሁን ነው ያወቅሁት።»

አንድ ነገር ሊመልስ አፉን ከፈተ። ከዚያ ሰውዬው እጁን አንስቶ የራሱን ጆሮ ያዘ። ሳያስበው ነው የያዘው። እንደዚያ እንደያዘ ቆመ፤ ቁጣው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ወረፋ ላይ ከነበሩት አንዷ ለጓደኛዋ በኦሮምኛ «ዸጌሴ?» ስትል ሰማኋት፣ ሰማሽ ወይ ማለቷ ነው።

ልጄን በእጇ ጎትቼ፣ ዱቄቷን ሳታራግፍ ወደ ጠጋኟ ቤት ወሰድኳት። «እማ፣ ሰው እያየን ነው። እማ፣ ምን ሆነሻል?» ትላለች። እንድሰማት በቀኜ ይዣት ነው የሄድኩት፣ እሷ በአስፋልቱ በኩል ሆና፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ጠጋኟ ምንም አልጠየቀችኝም። ፍሬዎቹን ጠርጋ ለልጄ አደረገችላት። «ልክ ሲሰማሽ እጅሽን አንሺ» አለቻት። ከዜሮ ጀምራ በአንድ በአንድ ጨመረች። በቀኙ ገና በመጀመሪያው ላይ እጇ ወጣ። ወደ ግራ ዞርን። አንድ። ሁለት። ልጄ እየጠበቀች ነው። ሦስት። እጇ አልወጣም። ጠረጴዛውን ያዝኩ። አራት ላይ አነሳችው።

«ራቅ ያለ ይመስላል» አለች ልጄ። «ይኼኛው ትንሽ ይደክማል መሰለኝ፣ ዋጋውን ቀንሱልና።»

«አይደክምም» አለቻት ጠጋኟ፣ እኔን ሳታይ።

«ጆሮሽን ያምሻል?» አልኳት።

«አያመኝም። ግን ከወፍጮ ስወጣ ይጮህብኛል። እንደ ፉጨት። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ይተወኝ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ጠዋትም አለ።»

«ምነው ልጄ! ምነው አልነገርሽኝም?»

ልጄ ፊቴን አየችኝ። ተቀይማ አልነበረም፣ ግራ ገብቷት ነው። «ነግሬሻለሁ እኮ እማ። ሁለት ጊዜ ነግሬሻለሁ። ከሥራ ስንመለስ፣ መንገድ ላይ። ‹ጆሮዬ ያፏጫል› ስልሽ ዝም አልሽኝ። ደክሞሻል ብዬ ተውኩት።»

መንገድ ላይ። ከዳር በኩል፣ በግራዬ፣ ባጃጅ እንዳይገጫት ባስቀመጥኳት በኩል። ጠጋኟ ወንበር አስጠግታ አስቀመጠችኝ።

በማግስቱ ጆሮ የሚያዩ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ በቀኜ ዞረው ተቀመጡልኝ። የእኔ ቆይቷል፣ የሚመልሰው መድኃኒት የለም አሉኝ። ያንን ብዙም አላዳመጥኩትም። «የእሷስ?» አልኩ።

«ገና ነው። ከድምፁ ከራቀች ይመለሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ቃል ልሰጥዎት ግን አልችልም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አምጧት።»

ስለ ኤርበዱም ጠየቅኳቸው። ወፍጮ ቤት ውስጥ ብታደርገው ሞተሩን ለማሸነፍ ድምፁን እስከ ጥግ ትጨምረዋለች፣ ሁለት ሞተር ይሆንባት ነበር አሉኝ። እዚያው ደነገጥኩ። ለካ ልገዛላት የሄድኩት ሁለተኛውን ሞተር ነበር። ለእኔም ለሥራ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መከላከያ፣ ባሕር ዛፍ በሞተር መጋዝ የሚቆርጡት ሰዎች የሚደፉትን ዓይነት አድርጊ ብለውኛል። አድርጌያለሁ፤ ልጄ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ወፍጮ ቤት አልገባችም። የመጀመሪያ ቀን ባለወፍጮው አይቶኝ ዘወር አለ፤ ማታውን ልወጣ ስል ወደ መሬት እያየ «ያቺን ጆሮ የምትለካውን ነገር... እኔንም ታሰሚኛለሽ?» አለኝ።

ኤርበዱን ማለቱ ነው፤ ገዝቼዋለሁ። ሁለት ሳምንት እንዴት ይጠበቃል? ጠጋኟ ዘንድ ተመልሼ «ስጪኝ» አልኳት። ደነገጠች። «አዴ፣ ለመዝሙር?» አለች። ለመዝሙር አይደለም አልኳት። ለሙሉ ቀን የሚፈልገው ሰው አሮጌ አይግዛ፤ ባትሪው ያሳፍረዋል፣ የሚጠግነውም የለም። ለእኔ ግን በቀን አምስት ደቂቃ ነው የምፈልገው። ሁለቱ ፍሬ እኩል ይጮሃል፣ ወንፊቱ ንጹሕ ነው። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁትም። ጥላዬንም መለሰችልኝ። «ገለቶሚ» አልኳት፣ አመሰግንሻለሁ ማለት ነው፤ አነጋገሬን አርማ ሳቀች።

በየጠዋቱ፣ ደጅ ሳይንጫጫ፣ ልጄ ጀርባዋን ሰጥታኝ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ስልኩን እንዳታይ ነው። ግራውን ታደርጋለች፣ እኔ ጠጋኟ እንዳስተማረችኝ ከዜሮ በአንድ በአንድ እጨምራለሁ፣ ስትሰማ ጣቷን ታነሳለች፣ እስከሰማች ድረስ እንደተነሳ ይቆያል። በመጀመሪያው ጠዋት አራት። በሁለተኛው አራት። በሦስተኛው አራት፣ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። በስድስተኛው ሦስት ሆነ። ከዚያ እንደገና አራት ሲሆን ስልኩን ልወረውረው ነበር። ልጄ ስታጽናናኝ ሰነበተች፤ እኔ ጆሮዋን ልጠብቅ እሷ እኔን ትጠብቃለች።

በአሥራ ሁለተኛው ጠዋት፣ አንድን ገና ስነካው ጣቷ ወጣ።

አላመንኩም። እንደማልተኛ ታውቃለች፣ እናቷን ለማሳረፍ ብላ ቢሆንስ? ስልኩን ስነካ የእጄን ጥላ ግድግዳው ላይ አይታ ቢሆንስ? ልጄ ለኔ ስትል ትዋሻለች፣ ልቧን አውቀዋለሁ። ትንፋሼን ያዝኩ። ሳልነግራት፣ ሳልንቀሳቀስ፣ መዝሙሩን አቆምኩት።

ጣቷ ወረደ።

ለቀቅኩት። ወጣ። አቆምኩት። ወረደ።

«እማ» አለችኝ ሳትዞር፣ «ምነው ታቋርጪዋለሽ? የምወደው ቦታ ላይ ሲደርስ!»

መዝሙሩን ለቀቅኩላት፣ ጣቷም እንደተነሳ ቆየ።